ቦታ የለም ያለው ስልክ

ሳናባ ካሚሶኮን ዝም ማሰኘት የቻለ ሰው ባማኮ ውስጥ አልተወለደም። ባሏ ሞክሮ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና አልሆነለትም። ዝም ያሰኛት እንቅርት ነው። ሐኪሞቹ እንቅርቱን ቆርጠው ሲያወጡ ድምፅዋንም አብረው አወጡት፤ የተረፈላት ጎርናና ሹክሹክታ ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ሕመም ነው። ለጄሊ ግን ከሞት አይተናነስም። ጄሊ የሰውን ዘር ከነአያት ቅድመ አያቱ እየቆጠረ በየሠርጉ የሚያወድስ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ከእናት ከአባቱ የተቀበለውን ቃል ለልጁ የሚያወርስ ነው። ንብረቱ ጉሮሮው ነው፤ ሌላ የለውም።

ደግነቱ ስልኩ ነበረ። ሳናባ ጉሮሮዋ ደህና በነበረበት ዘመን የዘፈነችው ሁሉ ከአሮጌ ካሴት እየተገለበጠ፣ ስልኳ ውስጥ ባለች ጥፍር የምታህል ካርድ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዱምቢያዎች ውዳሴ አለ፤ ሙሉው፣ አንድም አባት ሳይዘለል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀው። የዱምቢያዎች ቤት ከጥንት ጀምሮ የካሚሶኮዎች ጌታ ነው፤ የሳናባ እናት ለእናታቸው፣ የሳናባ አያት ለአያታቸው ዘፍነዋል። ዘንድሮ የዱምቢያዎች ትልቋ ሴት ልጅ ልትዳር ነው። ውዳሴውን የምትዘፍነው የሳናባ ልጅ ዋሳ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብቻዋን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ስለዚህ በየጠዋቱ ዋሳ ከማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሳናባ ስልኩን ትከፍታለች፤ የድሮዋ ሳናባ ትዘፍናለች፤ ዋሳ ትከተላለች። ዋሳ ስትስት የአሁኗ ሳናባ ጣቷን ቀስራ፣ "ስሚ!" ትላለች። ወደ ኋላ መልሳ ታጫውታለች። "ስሚ እንጂ! ጆሮሽን ጅብ በላው እንዴ?" እንደገና ታጫውታለች። ዋሳ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለቱንም የመለሰች፣ ኩሩ ልጅ ናት። ግን ትሰማለች። እናቷ ናታ!

ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ አሻፈረኝ አለ። ዱምቢያዎች የሙሽራዋን ፎቶ ልከው ሳናባ ብትከፍተው፣ ብትነካካው፣ ወይ ፍንክች። "የማስቀመጫ ቦታ የለም" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ታጠፋዋለች፤ ተመልሶ ብቅ ይላል።

"ይሄ ስልክ ጠገበ!" አለች በሹክሹክታዋ።

ድሪሳ አጠገቧ ተቀምጦ ንጎኒ የሚሉትን ክራር መሰል መሣሪያውን ይቃኝ ነበር። ስትዘፍን ንጎኒ የሚመታላት ድሪሳ ቱንካራ ነው። እናት አባቱ ሲሞቱበት ሳናባ ወደ ቤቷ አመጣችው፤ ከዋሳ ጋር ከአንድ ገበታ ቶ የሚሉትን ገንፎ እየቆረሰ አደገ። ልጄ ትለዋለች፤ እሱም እማ ይላታል።

"እማ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው" አላት። "ዘፈኖቹን ደመና ላይ ማውጣት ነው።"

"ምን ላይ?"

"ደመና ላይ። እንደዚህ ነው የሚሉት። ዘፈኑ ስልክሽ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሩቅ አገር ትልልቅ ማሽን ውስጥ ይቀመጣል። ስትፈልጊው በኢንተርኔት ትጠሪዋለሽ፣ መጥቶ ይዘፍንልሻል፣ ይሄዳል። ቦታ አይዝም።"

"መጥቶ ዘፍኖ የሚሄድ? እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ እኔ ግን ሳልበላ ሄጄ አላውቅም። ደሞ በዚህ በጋ ደመና ከየት ታመጣለህ?"

"እማ ሙች፣ አትቀልጂ!"

"ቢጠፋስ?"

"ካርዱ ላይ ያለውን አልነካውም። ቅጂውን ነው የማወጣው። በደንብ መግባቱን በጆሮሽ ሰምተሽ ታረጋግጫለሽ፤ ከዚያ ካርዱን ታራግፊዋለሽ።"

ሳናባ ስልኩን ሰጠችው። ስትሰጠው ግን እጁን ለቀም አድርጋ ያዘች። "ድሪሳ፣ እዚያ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። እንደ እንቁላል ያዘኝ።"

"እንደ እንቁላል" አለ ድሪሳ፤ እየሳቀ ሄደ።

ማታ ሳናባ ሰግዳ ስትነሳ ስልኩን ዋሳ አመጣችላት። የሙሽራዋ ፎቶ ተከፈተ። ሳናባ ደስ አላት፤ ድሪሳን ከነዘሩ መረቀችው። በማግስቱ ጠዋት ግን ውዳሴውን ይክፈቱ ቢሉ ዋሳ ስልኩን ተቀብላ ነካክታ፣ "ኔትወርኩ ሞቷል እማ፤ ዛሬ በቃሌ ልበለው" አለች። በሌላው ቀን ኢንተርኔቱ አልቋል ተባለ። ዋሳ በቃሏ ዘፈነች፤ ሳናባም በቃሏ አረመቻት። ዕረፍት ነው እንጂ ምን ጉዳት አለው ብላ ሳናባ ነገሬ አላለችውም።

ሳምንት ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ከሰፈር ማዶ አንድ ሕፃን ስም ሊወጣለት ሳናባ ተጠርታ ሄደች። ሴቶቹ በድንኳኑ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ዘፋኟ ገና አልመጣችም፤ አንዲት ጉብል ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝታ ዘፈን ለቀቀች። ከበሮ ይደልቃል፤ የማሽን ከበሮ፣ ጆሮ የሚበሳ። ከከበሮው ላይ የሴት ድምፅ ወጣ።

ሳናባ ከወንበሯ ተነሳች። መነሳቷንም አላወቀችም። የራሷን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ? የዱምቢያዎች ውዳሴ ነው። ግን ምን አድርገውታል! አባቶቹ እንደ ሽንኩርት ተከትፈዋል። ካንዱ አባት ላይ ዘሎ ከሦስት ትውልድ ወዲያ ያርፋል፤ መግቢያው የለም፤ ከዚያ "ሄይ! ሄይ!" የሚል የወንድ ጩኸት ይገባል። ሙሉው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሆኖ አለቀ። ሴቶቹ ተነስተው ጨፈሩ።

"የማን ነው ይሄ?" አለች ሳናባ ጉብሏን ክንዷን ይዛ።

"ውይ እማማ፣ አልሰሙትም? የድሪሳ ቱንካራ አዲሱ ነዋ! ከተማው አብዷል እኮ።"

"ዘፋኟስ? ሴትዮዋ?"

"እንጃ። ከድሮ ካሴት ያወጣት አሮጊት ናት አሉ። ሞታለች።"

እንግዲህ ሰው ቆሞ መርዶውን ሲሰማ ምን ይላል? ሳናባ አልጮኸችም፤ የምትጮኽበት ጉሮሮ የላትም። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄኔ ነው።

በቀጥታ ወደ ገበያ ሄደች፤ ዘፈን በየስልኩ እየጫነ ወደሚኖረው ወደ ኩሊባሊ ሱቅ። ሱቅ ማለት ሲያምርበት ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጃንጥላ። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ሳይሰዳደቡ ሰላም አይባባሉም፤ ኩሊባሊ የተባለ ሁሉ በባቄላ ይሰደባል፣ ወግ ነው።

"አንተ ባቄላ በላ!"

"ባቄላውማ የሚቀቀለው ካሚሶኮዎች ቤት ነው፤ እኛ የሚደርሰን ጭሱ..." ብሎ ቀና ሲል ፊቷን አየ። ሙሉው ዘፈኗ ካርዱ ላይ እንዳለ እንዲያይላት የሰጠችውን ስልክ ተቀበላት።

ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ብዙ ቆየ። "እናቴ፣ እዚህ ላይ የእርስዎ አንድም ዘፈን የለም።"

"ታዲያ ይሄ ስልክ ዛሬ ጠዋት እንደገና 'ቦታ የለም' ያለኝ ምን ጎርሶ ነው?"

"እውነቱን ነው፤ ሞልቷል። ይሄ ከደመና ዘፈን የሚያመጣው ነገር አለ አይደል? ዘፈኑን እያመጣ ሲያሰማ ብዙ ቦታ አይበላም፤ ልክ ነው። ግን እኛ አገር ኢንተርኔት አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ 'አስቀምጥልኝ' ይለዋል። ሲያስቀምጥ የት ይመስልዎታል? ደመና ላይ አይደለም፤ እዚሁ ስልክዎ ላይ ነው። የራሱን ሳጥን ሠርቶ ይቆልፋል። ቤቱ የእርስዎ፣ ቁልፉ የእሱ። ለጎረቤት ላውሰው ቢሉ አይወጣም፤ የወሩ ክፍያ ሲያልቅ ደግሞ ይዘጋል።"

"የማን ዘፈን ነው የተቀመጠው?"

"የልጆች ነው። የአቢጃን አለ፣ የሌጎስ አለ... የእርስዎ የለም።"

"የኔን ፈልግልኝ።"

ኩሊባሊ ሞከረ። እውነት ለመናገር ከልቡ ሞከረ፤ ደንበኛ እየመለሰ። በመጨረሻ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። "የተሰረዘ ነገር ቦታውን ሌላ ካልያዘበት አንዳንዴ ይገኛል። እዚህ ግን አዲሶቹ ዘፈኖች የተቀመጡት የእርስዎ በነበሩበት ላይ ነው። አንድም ቁራጭ አልቀረም።"

"ማሽኑ ነው የሰረዘው?"

"ማሽን በገዛ ፈቃዱ አይሰርዝም። 'ላጥፋ ወይ?' ብሎ ይጠይቃል። 'አዎ' ያለ ሰው አለ።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ሳናባ በአረንጓዴው ታክሲ ተጨናንቃ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድሪሳን እየረገመች ነው። ያጎረሰችውን እያንዳንዱን ጉርሻ እየጠራች ረገመችው። ወባ ይዞት ሌሊቱን በጀርባዋ አዝላው ሐኪም ቤት የሮጠችበትን ጊዜ እያስታወሰች ረገመችው። ዘፈኔን ሰረቀ፣ ይሁን። አሳጠረ፣ ይሁን። ምን አድርጌው ነው ከምድር ላይ ያጠፋኝ?

ነገሩ በሰፈር ተሰማ፤ ድሪሳም እግሩ ከግቢዋ ጠፋ። ከዚያ፣ ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሌሊት ሲቀረው፣ ዕርቅ የሚጠየቅበትን መራራ የኮላ ፍሬ ላከ።

ኮላ ሲላክ ምን እንደሚደረግ ከሳናባ በላይ የሚያውቅ የለም። ስንቱን ቤት በዚሁ ኮላ ያስታረቀች እሷ ናት። አጥፊው ኮላውን በሽማግሌ ያስይዛል፤ ተንበርክኮ ጥፋቱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የቆጠረው ይቅር ይባላል፤ የደበቀው ግን ይቅርታ የለውም፣ ዘሩን ሁሉ ይከተላል። ተበዳይም ቢሆን እምቢ ማለት አይችልም። ሳናባ ለስንቱ፣ "ኮላው ከደጅሽ ደርሷል፤ ዋጪው እህቴ" ብላለች። አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

ሽማግሌው አባባ ሶሎማኒ ኩያቴ ናቸው። ኮላውን በቅጠል እንደተጠቀለለ ምንጣፉ ላይ አኖሩት። ድሪሳ ከኋላቸው ተንበረከከ። ዋሳ ሻይ እየቀዳች ነበር።

"ቁጠር" አሉት አባባ ሶሎማኒ።

"የእማን ዘፈን ቆርጬ ከበሮ ጨመርኩበት" አለ ድሪሳ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "በራሴ ስም አወጣሁት። እነዚያ ዘፈን የሚያወጡት ሰዎች፣ 'ዘፋኟ ፈቃድ ሰጥታለች ወይ? ፊርማዋን አምጣ' አሉኝ። እኔ... ሞታለች አልኳቸው።"

"አላህ ይይልህ" አሉ ሽማግሌው፣ ሳያስቡት።

"ብጠይቃት እምቢ ትላለች ብዬ ነው። ዘላለም ከኋላዋ ተቀምጬ ስመታ ልኖር ነው ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ። እማ፣ እግርሽ ሥር ነኝ።"

"ቀጥል" አለች ሳናባ።

"ጨረስኩ።"

"አልጨረስክም። አንዱን ዋጥከው።"

"ሌላ የለም እማ።"

"ካርዱስ! ካርዱን ማን አጠፋው?"

ድሪሳ ቀና አለ። "ካርዱን? ካርዱ ጠፋ እንዴ?"

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አንተ አይደለህም ይዘኸው የዋልከው?"

"ሳናባ፣ ተይ" አሉ አባባ ሶሎማኒ። "ኮላ ፊት ነው ያለው። ሞታለች ማለቱን የተናገረ ሰው ይሄን ለምን ይደብቃል?"

"በአባቴ አጥንት!" አለ ድሪሳ። "ፎቶው እንዲከፈት የድሮ ቪዲዮ ነው ያጠፋሁት። ዘፈኖቹ በሙሉ እዚያው ነበሩ። አንቺ እየሰገድሽ ስለነበር ስልኩን ለዋሳ ሰጠኋት። 'ደመና ላይ ያለው የተቆረጠ ነው፤ ሙሉው ካርዱ ላይ ብቻ ነው ያለው፤ እንዳትነኩት' ብያታለሁ። እሷን ጠይቂያት!"

ሻዩ ከብርጭቆው ተርፎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ዋሳ ማንቆርቆሪያውን አላቀናችም።

ሳናባ ልጇን አየቻት።

"እኔ ነኝ" አለች ዋሳ።

"ሳታውቂ ነው..." አሉ አባባ ሶሎማኒ፣ እንደ መለመን ብለው። "ተነክቶብሽ ነው አይደል ልጄ?"

"አውቄ ነው አባባ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ አዎ አልኩት።" ወደ እናቷ ዞረች። "እማ፣ አምና እኔ የራሴን ዘፈን ሠራሁ። ታውቂያለሽ? አታውቂም። እዚያ ስልክ ላይ ቀዳሁት፣ አንቺ እንድትሰሚው ብዬ። በማግስቱ ስልኩ ሞላ፤ አንቺ ያየሽው መጀመሪያ የኔን ነበር። 'ይሄ ምንድነው?' እንኳን አላልሽም፤ አጠፋሽው። ቦታ የለም አልሽኝ።"

"ዘፈን መሆኑን አላወቅኩም።"

"አልሰማሽውማ! በየጠዋቱ 'ስሚ፣ ስሚ' ትይኛለሽ። አንድ ቀን አንቺ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? ሠርግ ላይ ስዘፍን ሰው ዐይኑን ጨፍኖ፣ 'አይ፣ ልክ እናቷን' ይለኛል። ደስ ብሏቸው ነው የሚሉት። እኔ ግን ምን ልሁን? አንቺ እዚያ ስልክ ውስጥ እስካለሽ ድረስ እኔ የለሁም። ድሪሳ ሲቆርጥሽ አወቅኩ፤ ዝም አልኩ። ካርዱ ሲቀር ደግሞ... በቃ ነካሁት። ከዚያም ሰው ሁሉ የሚወደውን ዘፈን ሞላሁበት፣ እንዳይመለስ።"

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሉ ነበር ጥንት። ይሄ ግን ቀጋም አይባል። ሳናባ ደረቷን በእጇ ደገፈች። "ሐኪሙ ጉሮሮዬን ሲወስድ አላለቀስኩም" አለች፤ ለመስማት ሁሉም ጎንበስ አሉ። "ለምን? ልጄ አለች ብዬ። ድሪሳ ገደለኝ፤ ባዕድ ነው፣ ይግደል። አንቺን ግን በምን አፌ ልውቀስሽ? ያልሰማሁሽ እውነት ነው። ግን አንድ ቃል አትነግሪኝም ነበር? 'እማ፣ አቃጠልሽኝ' አትዪኝም ነበር? በየጠዋቱ ፊቴ ተቀምጠሽ፣ 'ኔትወርኩ ሞቷል' እያልሽ!"

ዋሳ ይሄኔ አለቀሰች።

አባባ ሶሎማኒ ከኮላው አንዱን ፍሬ አንስተው ለዋሳ ሊያቀብሏት እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። ያን ሁሉ ዘመን ያስታረቁ ሽማግሌ ግራ ገባቸው። ኮላ በቤትና በቤት መካከል ነው የሚላከው፤ በባልና በሚስት፣ በጎሳና በጎሳ መካከል። በእናትና በልጅ መካከል ተልኮ አያውቅም። ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አያት የለም።

ሳናባ የድሪሳን ኮላ ተቀበለች። እምቢ ማለት አይቻልማ። ድሪሳ እግሯን ስሞ ወጣ። ዋሳ ሻዩን ጠረገች። እናትና ልጅ በዚያች ግቢ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ፣ "ውኃው ፈልቷል"፣ "በሩን ዝጊው" ብቻ እየተባባሉ ቆዩ።

እሁድ ዱምቢያዎች መንገዱን ዘግተው ድንኳን ጣሉ። የባማኮ ሴት በሚያብረቀርቅ የባዚን ልብሷ አበደች። ዋሳ ሰማያዊ ለብሳ መሐል ቆመች፤ ከአጠገቧ ሳናባ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ውዳሴ ያለ ተቀባይ አይዘፈንም፤ ዘፋኙ ስንኙን በጨረሰ ቁጥር ተቀባዩ "ናሙ" ይላል፤ እውነት ነው ማለት ነው። ለዚህ ብዙ ድምፅ አያስፈልግም። ተቀባዩ ስሕተት ከሰማ ዝም ይላል፤ ዘፋኙም ወደ ኋላ ተመልሶ ያቃናል።

ዋሳ ጀመረች። አበጀችው! አምላክ ያውቃል፣ አሳምራ ዘፈነች። በእናቷ መንገድ አልሄደችም፤ ሳናባ ከፍ የምትልበት ላይ ዝቅ አለች፣ ሳናባ የምትሮጥበት ላይ ቆማ ሕዝቡን አየች። የሙሽራዋ አያት ዐይናቸውን ጠረጉ። "ናሙ" አለች ሳናባ። "ናሙ።" አባት ባባት ላይ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ተደራረበ። ሳናባ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቻት፤ መስማቷም ይበልጥ አመማት።

ከዚያ ዋሳ ፋሞሮን ዘለለችው።

ፋሞሮ ዱምቢያ ወንዙን ተሻግሮ ቤቱን የተከለው አባት ነው። ዋሳ የፋሞሮን ልጅ በአያቱ ስም ጠራችና ስንኙን ዘጋች። ወዲያው የጎደለ ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘችውም። ዐይኗን ወደ እናቷ ወረወረች። ዱምቢያዎቹ አላወቁም፤ ያንን ስም እንዲይዝላቸው ጄሊ አላቸው፣ እነሱ ምን ቸገራቸው። ሙሉው ቃል አሁን በዓለም ላይ ያለው በአንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ስንኙ እንዲቃና ዝም ብትል በቂ ነበር፤ "ናሙ" ካለች ግን ፋሞሮ ከቃሉ እንደወጣ ይቀራል።

ሳናባ የልጇን ዐይን አየች፤ አፍጥጦ የሚለምናትን ዐይን።

"ናሙ" አለች።